ከሥር የሚመጣ ብርድ

ሰው ሌሊት ሲበርደው እጁ ሳያስበው ወደ ላይ ይሄዳል። ብርድ ልብሱን ወደ አንገቱ ይስባል፣ ጋቢ ይደርባል፣ ጭንቅላቱን ይከናነባል። ስለ ጀርባው የሚጨነቅ የለም፤ ከጀርባው በታች ፍራሽ አለና። በሁለት ዛፎች መካከል በተንጠለጠለ የጨርቅ አልጋ፣ በሃሞክ ላይ የተኛ ሰው ግን ከበታቹ ያለው አንድ ስስ የናይሎን ጨርቅ ነው። ከጨርቁ በታች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚመላለስ ነፋስ አለ። ስለ ሃሞክ ዕቃ አመራረጥ ለመጻፍ የተነሣሁት ይህን አንድ ነገር አጥብቄ ለመናገር ነው፦ ለምቾትና ለሙቀት ብላችሁ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ገንዘብ ከጀርባችሁ በታች ይዋል።

የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ተነሥቶ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል መንዳት ይበቃል። የእኛ ሰው ፓርኩን ያውቀዋል። ቅጠሉ ሲቀላና ቢጫ ሲሆን ቤተሰቡን ይዞ 169 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የተራራ መንገድ፣ በስካይላይን ድራይቭ ላይ እየቆመ ፎቶ ይነሣል፣ ምሳውን ይበላል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል። የማደር ነገር ሲነሣ ግን ወዲያው «ብርዱስ?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የፓርኩ ከፍተኛ ተራራ ሆክስቢል 1,235 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ይህን ከፍታ ቢንቀው አይገርምም። የሸናንዶዋን ሌሊት የሚያከብደው ግን እርጥበቱና በሸንተረሩ ላይ የማያርፈው ነፋስ ነው። በኦክቶበር ቀኑን በአንድ ሸሚዝ የተንሸራሸራችሁበት ቦታ ሲመሽ ጭጋግ ይወርድበታል፣ ወሩ እየገፋ ሲሄድም ውርጭ ይጥልበታል። በዚያ ላይ በፓርኩ ጫካ ውስጥ፣ በጥቂት ቦታዎች ከተሠሩት ምድጃዎች በቀር፣ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። እሳት ዳር ሞቆ ወደ መኝታ መግባት ስለማይቻል ሙቀቱ ሁሉ ተሸክመነው ከሄድነው ዕቃ መገኘት አለበት።

«ድንኳን እያለ ለምን?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። የእነዚህ ተራሮች ጎን ድንጋይና ሥር የበዛበት፣ ዘንበል ያለ መሬት ነው። ለድንኳን የሚሆን ደልዳላ ቦታ ፍለጋ አንድ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ ሁለት ደህና ዛፎች ግን በየእርምጃው አሉ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ፣ ወገቡና ዳሌው የሚያመው ሰው ደግሞ በትክክል በታሰረ ሃሞክ ላይ ሲተኛ ሰውነቱን የሚወጋው ነገር የለም። ከወገብ ሕመም ጋር ለሚኖሩ ወገኖቼ ይህን በሙሉ ልብ እመክራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሚያሞቀን ብርድ ልብሱ አይደለም፤ በብርድ ልብሱ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ የተያዘው አየር ነው። ላባም ይሁን ፖሊስተር ሥራው አየሩን በቦታው ይዞ ማቆየት ብቻ ነው። ውድ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ሃሞክ ላይ የሚተኛ ሰው ከበታቹ ያለውን ሙሌት በገዛ ክብደቱ ይጨፈልቀዋል። የተጨፈለቀ ሙሌት አየር አይዝም፣ አየር ካልያዘም አያሞቅም። ድንኳን ውስጥ ቢሆን ፍራሹ ያንን ክፍተት ይሞላለታል። ሃሞክ ላይ ግን ነፋሱ በስሱ ጨርቅ በኩል የሰውነቱን ሙቀት እየጠረገ ይወስደዋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሌሊት እንኳ ከላይ እየሞቀው ጀርባው የሚቀዘቅዘው። ከላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ መደረብ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም።

መፍትሔው የሥር ብርድ ልብስ ነው። ይህ ዕቃ ከሃሞኩ ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ፣ ከሃሞኩ ሥር፣ በራሱ ላስቲክ ይንጠለጠላል። የሰው ክብደት ስለማያርፍበት ሙሌቱ አይጨፈለቅም፣ እንደተነፋ ያድራል። ነገሩ እጅግ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ሃሞክ ካወቅሁት ሁሉ እንቅልፌን የለወጠልኝ ይህ ነው።

ገዝቶ ማንጠልጠል ብቻውን ግን አይበቃም፣ ማስተካከልም ያስፈልጋል። ሃሞኩ ውስጥ ገብቼ ጋደም እልና አንድ እጄን በጠርዙ በኩል አውጥቼ ወደ ጀርባዬ ሥር እሰዳለሁ። መዳፌ በሃሞኩና በሥር ብርድ ልብሱ መካከል ክፍት ቦታ ካገኘ ላስቲኩ ላልቷል ማለት ነው፤ በዚያ ክፍተት ነፋስ ገብቶ የሞቀውን አየር ይዞት ይወጣል። ሙሌቱ ሳስቶ ከጨርቁ ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ላስቲኩ ከልክ በላይ ተወጥሯል። የሚፈለገው ሁለቱ ጨርቆች ሳይገፋፉ እንዲነካኩ ነው። ከዚያ ራስጌና ግርጌ ያሉትን ጫፎች አያለሁ። ሁለቱም ጫፎች በገመድ እየተሳቡ እንደ ከረጢት አፍ የሚሰበሰቡ ናቸው። ልቅ ሆነው ከቀሩ ከእግር በኩል የገባው ነፋስ በጀርባ ሥር አልፎ በትከሻ በኩል ይወጣል። ይህ ሁሉ የአሥር ደቂቃ ሥራ ቢሆንም በጨለማና በድካም መሠራት የለበትም፤ ገና ብርሃን ሳለ፣ እራት ሳይቀርብ ይጠናቀቅ።

ሙሌቱን በተመለከተ ምርጫው በዝይ ወይም በዳክዬ ለስላሳ ላባና በፖሊስተር መካከል ነው። ላባው ቀላል ነው፣ ተጨምቆ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ በደህና ከተያዘም ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ሻጮች 650፣ 800፣ 950 እያሉ የሚጠሩት ቁጥር የላባውን የመነፋት አቅም ይነግራል፤ 800 የተባለ ላባ 28 ግራሙ 13 ሊትር ያህል ቦታ ይሞላል። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርድ ልብሱ የበለጠ የሚሞቅ ይመስለዋል። ሙቀቱን የሚወስነው ግን ውፍረቱ ነው። ከፍተኛው ቁጥር ያንኑ ውፍረት በአነስተኛ ክብደት ይሰጣል እንጂ ሌላ ተአምር የለውም። መኪናውን አቁሞ ግማሽ ሰዓት ብቻ ተጉዞ ለሚያድር ሰው 950 መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። የሱቁ ሠራተኛ ቢከፋውም ብርድ ልብሱን አንሥታችሁ በመብራት ፊት ዘርጉት፤ ላባው ከአንዱ ክፍል ሸሽቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ሥፍራ ከታያችሁ ያ ሥፍራ ብርዱ ሌሊት ጀርባችሁን የሚያገኝበት ነውና አትግዙት።

ፖሊስተሩ ይከብዳል፣ ቦታም ይይዛል። ነገር ግን ዋጋው ይቀንሳል፣ እርጥበት ሲነካውም ከላባው የተሻለ ሙቀት ይይዛል። ላባ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲጣበቅም ከንቱ ይሆናል። ለጀማሪ የምመክረው የሥሩን ፖሊስተር አድርጎ መጀመር ነው፤ ለጤዛም ለዝናብ ፍንጣቂም የሚጋለጠው እሱ ነውና።

የተጻፈበት የሙቀት ደረጃስ? በአሜሪካ ገበያ የሚጻፈው በፋራናይት ነው፦ 40 ማለት 4 ሴልሺየስ፣ 20 ማለት ከዜሮ በታች 7፣ 0 ማለት ከዜሮ በታች 18 ነው። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ሰው ሳይጎዳ የሚያድርበትን ወሰን እንጂ ተደላድሎ የሚተኛበትን አያመለክትም። ስለዚህ ከምትጠብቁት ብርድ ከ5 እስከ 6 ሴልሺየስ የሚበልጥ ትርፍ ይዛችሁ ግዙ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ለሚያድር ሰው 20 ፋራናይት የተባለው የሥር ብርድ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከላይ ደግሞ ቀለል ያለው ይበቃል፤ ከላይ መደረብ ሁልጊዜ ይቻላል፣ ከሥር ግን ሌሊት ተነሥቶ የሚጨመር ነገር የለም።

ገንዘቡ ለሥር ብርድ ልብስ ካልደረሰ የፎም ፍራሽ አለ፤ ውኃ የማይመጠው፣ የሚጠቀለለው ወይም የሚታጠፈው ዓይነት። ዋጋው አነስተኛ ነው፣ በቀላሉ አይቀደድም፣ ውስጡም አይረጥብም። ችግሩ ሃሞክ ውስጥ መንሸራተቱ ነው፤ ሰው ሲገላበጥ ፍራሹ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ትከሻም ከጠርዙ ውጭ ቀርቶ ይቀዘቅዛል። ሁለት ድርብ ጨርቅ ያለው ሃሞክ የገዛ ሰው ፍራሹን በድርቡ መካከል ሲያስገባው አብዛኛው መንሸራተት ይቀራል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ በፎም ፍራሽ ብዙ ጥሩ ሌሊቶች ይታደራሉ።

ስለ ጋቢ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ለጉዞ ሲዘጋጅ ጋቢ የማይጠቅስ ሐበሻ አላየሁም፤ እኔም ያለ ጋቢ ወጥቼ አላውቅም። አራት ድርብ ሆኖ የተሸመነ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፤ በክሮቹና በድርቦቹ መካከል አየር ይይዛል። በደጋው ደረቅ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት፣ ቤት ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ሆኖ ከጋቢ የሚበልጥ ልብስ የለም። በጭጋጋማ የቨርጂኒያ ጫካ ግን ጥጡ የአየሩን እርጥበት ይስባል፣ የሰውየውንም ላብ ይመጣል፤ አንዴ ከረጠበም እስከ ነገ ቀትር አይደርቅም። ሽመናውም ነፋስ አያቆምም። ስለዚህ ጋቢዬን የማታ ልብስ አድርጌዋለሁ። ከእራት በኋላ ለብሼው እቀመጣለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ ልተኛ ስል አጣጥፌ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ እከተዋለሁ። የሌሊቱን ሥራ ለላባውና ለፖሊስተሩ እተዋለሁ። ጋቢን ከሃሞክ ሥር ማንጠልጠል ይቻል እንደሆነ የጠየቁኝ አሉ። ከባድ ስለሆነ ይወርዳል፣ ሲወርድ ክፍተት ይፈጠራል፣ ክፍተቱም ያንኑ ነፋስ ያስገባል።

ሃሞኩን ራሱን ስትመርጡ ከሁሉ በፊት ርዝመቱን እዩ። በርካሽ የሚሸጡት አብዛኞቹ አጭር ናቸው። ለአዋቂ ሰው 335 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ይፈለግ፤ ምክንያቱም በሃሞክ ላይ ቀጥ ተብሎ አይተኛም። ጭንቅላት ወደ አንዱ ጎን፣ እግር ወደ ሌላው ጎን ዘመም ተደርጎ፣ በሰያፍ ሲተኛ ጨርቁ ይዘረጋል፣ ሰውነትም ጠፍጣፋ ይሆናል። አጭር ሃሞክ ላይ ይህ አይቻልም፤ ጉልበት ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ጀርባም ይጎብጣል። ሃሞክ ወገቤን አመመኝ የሚሉ ብዙዎች የሚናገሩት በአጭርና በጣም በተወጠረ ጨርቅ ላይ ስላደሩት ሌሊት ነው።

ውጥረቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሰው ሃሞክ ሲያስር እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ መወጠር ይወዳል። ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ሰው ማሰሪያው በ30 ዲግሪ ሲያዘቀዝቅ በእያንዳንዱ ጎን የሚያሳርፈው ጫና 80 ኪሎ ያህል ነው። ማሰሪያው ተወጥሮ ዝቅዝቃቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀንስ የዚያው ሰው ጫና በእያንዳንዱ ጎን 230 ኪሎ ይደርሳል። ዛፉም፣ ማሰሪያውም፣ ስፌቱም ይህን ሌሊቱን ሙሉ ይሸከማሉ። ልኩን በየጊዜው በዓይን ላለመገመት ከሃሞኩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው የማይለጠጥ ቀጭን ገመድ ይታሰራል፤ ርዝመቱ የሃሞኩን 83 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ለ335 ሴንቲ ሜትር ሃሞክ 278 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህ ገመድ ካለ ዛፎቹ ቢራራቁም ቢቀራረቡም የሃሞኩ ልላት አይለወጥም። የሥር ብርድ ልብሱም አንዴ ከተስተካከለ በሚቀጥለው ሌሊት ያንኑ ቦታ ያገኛል። ገመዱን የምወደው በዚህ ነው። ግርጌውን ከራስጌው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፤ አለዚያ ሌሊቱን ወደ እግር ስትንሸራተቱ ታድራላችሁ።

ማሰሪያው ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የፖሊስተር ቀበቶ ይሁን። ቀጭን ገመድ የዛፉን ልጥ ይቆርጣል፣ ብዙ ፓርኮችም ይከለክሉታል። ናይሎን ደግሞ በክብደትና በእርጥበት ይለጠጣል፤ ማታ ወንበር ከፍታ ላይ የነበረ መኝታ ንጋት ላይ መሬት ሊነካ ይቀርባል።

ከላይ የሚዘረጋው ሸራ ከዝናብ በላይ ሥራ አለው፤ ነፋስ ያቆማል። ነፋስ ከቆመ የሥር ብርድ ልብሱ በእጥፍ የተሻለ የሆነ ያህል ይሰማል። ሸራው ከሃሞኩ በሁለቱም ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መትረፍ አለበት። በብርድ ወራት ጫፎቹን እንደ በር የሚዘጉ ክንፎች ያሉት ይመረጣል። ሲሊኮን የተቀባ ፖሊስተር ከናይሎን ይሻላል፤ ናይሎን ሲረጥብ ይረግባልና ሌሊት ተነሥቶ ካስማውን እንደገና መወጠር ግድ ይሆናል። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ሸራውን ዝቅ አድርጋችሁ ካስማውን ወደ መሬት አስጠጉት። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። ዝናብ ሲጥል ውኃው የዛፉን ግንድ ይዞ ይወርዳል፣ ከግንዱ ወደ ማሰሪያው ይሻገራል፣ ማሰሪያውን ተከትሎ ወደ ሃሞኩ ይጓዛል። ከሸራው ጥላ ሥር፣ ማሰሪያው ላይ፣ ጣት የምታህል ክር አንጠልጥሉ። ውኃው ክሩ ጋ ሲደርስ ጉዞውን ትቶ በክሩ ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ወደ መሬት ይፈስሳል። ምንም ዋጋ የሌላት ክር ውድ ላባ ታድናለች።

ዛፍ መምረጥም የዕቃ ምርጫ ያህል ይገባዋል፤ በሸናንዶዋ ደግሞ ከሌላ ቦታ የበለጠ። በ2002 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ የተገኘችው ከእስያ የመጣች አረንጓዴ ጥንዚዛ የአሽ ዛፎችን እየገደለች እዚህ ደርሳለች። ሄምሎክ የሚባለውንም ሌላ ጥቃቅን ነፍሳት ፈጅተውታል። ስለዚህ በጫካው ውስጥ ቆመው የሞቱ ዛፎች ብዙ ናቸው። ማሰሪያውን ከማውጣታችሁ በፊት ቀና በሉ፤ ቅጠል የሌለው ዘውድ፣ የተላጠ ልጥ፣ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ ካያችሁ ቦታ ለውጡ። የምታስሩበት ዛፍ ሕያው ቢሆን እንኳ ጎረቤቱ የሞተ ከሆነ አትደሩ። በዚህ ነገር ድርድር የለኝም። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ሁለት ጊዜ እዩ።

የቀረው ትንሽ ነው። ከላይ የሚደረበው ከከረጢት ይልቅ ክፍት ብርድ ልብስ ቢሆን ይመቻል፤ ከሥር ያለው የከረጢቱ ግማሽ ተጨፍልቆ ምንም ስለማይሠራ ክብደቱን መሸከም ከንቱ ነው። የሱፍ ቆብ፣ ደረቅ የሱፍ ካልሲ፣ ለመኝታ ብቻ የሚለበስ ደረቅ ልብስ ያስፈልጋል። አፍና አፍንጫን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቶ መተንፈስ ሙሌቱን ያረጥባልና አይደረግ። ከሜይ ጀምሮ አጎበር አትርሱ፤ አካባቢው ትንኝም መዥገርም አለው። ከመተኛት በፊት ቅባት ያለው ምግብ መብላት ሌሊቱን ሰውነት የሚያነደው ነገር ይሰጠዋል፣ ለዚህም ከጭኮ የተሻለ አላገኘሁም። የገብሱ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጉርሻ ይበቃል፣ በጉዞም አይበላሽም። በጾም ወራት በሶና ለውዝ ይተኩታል። ነገር ግን ቁራሽ እንኳ ይዛችሁ ሃሞክ ውስጥ አትግቡ። ሸናንዶዋ የጥቁር ድብ አገር ነው፤ ምግብ ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙናም ጭምር፣ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከግንዱም 1.2 ሜትር ርቆ ይሰቀላል፣ ወይም ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይገባል።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገዋለሁ። ሃሞኩ ረጅም ይሁን እንጂ ርካሽ ቢሆን ግድ የለም። ሸራው መካከለኛ ይሁን። ከላይ ለመደረብ፣ ቤት ውስጥ ያለው ብርድ ልብስ ለጊዜው ይበቃል። የተረፈው ሁሉ ለሥር ብርድ ልብሱ ይዋል። ሻጮች የሚያሳዩን ሃሞኩን ነው፣ በቀለሙና በውበቱ እንድንያዝ። ብርዱ ግን ቀለም አይመርጥም።

ከአዲስ አበባ የሚጽፉልኝ ወጣቶች ይህ ዕቃ እዚያ እንደማይገኝ፣ ቢገኝም ዋጋው እንደማይቀመስ ይነግሩኛል። እውነት ነው። እኔ ግን የሥር ብርድ ልብስ ጎበዝ ልብስ ሰፊ የሚሠራው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። መናገሻ ሱባን በመሰለ የጥድ ጫካ፣ ከሚመለከተው አስተዳደር ፈቃድ ተጠይቆ ለማደር ይበቃል። ጅብራ ብቻ ወደሚበቅልበት የስሜን ከፍታ ከሆነ ግን ጉዞው በድንኳን ይሁን፤ ጅብራ ላይ ሃሞክ አይታሰርም። ወደ ስፌቱ ስንመለስ፣ የፖሊስተር ሙሌት ያለው፣ 130 በ180 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ብርድ ልብስ ይበቃል። ውጩ ነፋስ በማያሳልፍ፣ ጠበቅ ብሎ በተሸመነ ናይሎን ይለበጥ። በአራቱም ጠርዞች ሦስት ሴንቲ ሜትር የምትሰፋ ቱቦ ተሰፍታ ጫፎቿ ክፍት ይቀመጡ። በረጃጅሞቹ ቱቦዎች ላስቲክ፣ በአጫጭሮቹ የሚሳብ ገመድ ይለፍ። ላስቲኩ ከጨርቁ ጋር አይሰፋም፤ በቱቦው ውስጥ እየተንሸራተተ ብርድ ልብሱ በተኛው ሰው ቅርጽ ልክ እንዲጎድጎድ፣ ጫፎቹም ከሃሞኩ ሁለት ጫፎች ጋር ይታሰሩ። ለልብስ ሰፊው አጥብቃችሁ የምትነግሩት አንድ ነገር ቢኖር መሐሉን በስፌት እንዳያጠቅጥቀው ነው። መርፌው ሁለቱን ጨርቆች አንድ ላይ በወጋበት መስመር ሁሉ ሙሌቱ ይጨፈለቃል፣ ነፋስም በዚያው ይገባል። ስፌቱ በጠርዙ ላይ ይብቃ፤ መሐሉ ላይ ሙሌቱ እንዳይሸሽ የሚይዙ፣ በስፋት የተራራቁ ጥቂት ነጠላ ጥልፎች ይበቃሉ።